ማኅተሙን ሳታዩ ሞተር አትግዙ፦ ክሬት ሞተር ወይስ በቶርኖ ቤት የተሠራ?

ቨርጂኒያ ውስጥ መካኒክነትን ከአገር ቤት ይዘን የመጣን ብዙ ነን። ቅዳሜ ማታ ሜዳ ሄዶ ስቶክ ካር (በመደበኛ መኪና ቅርፅ የተሠሩ መኪኖች የሚሽቀዳደሙበት ውድድር) ማየት የጀመረ መካኒክ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ «አንድ መኪና ለምን አላዘጋጅም?» ማለቱ አይቀርም። ማናሳስ የነበረው የድሮ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘጋ፤ በ2016 ቶርንበርግ ላይ ዶሚኒየን የሚባለው የውድድር ሜዳ ተከፈተ፤ ጥያቄውም አብሮ ቀጠለ። እኔ በሞተር ምርጫ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ሁለት የውድድር ወቅት አባክኛለሁ። መፍታትና መግጠም አላቃተኝም፤ የተሳሳትኩት ገንዘቡን ባወጣሁበት ቅደም ተከተል ነው። እናንተ በዚያ መንገድ እንዳትሄዱ የተማርኩትን በሥራው ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። ክሬት ሞተር የሚባለው ከፋብሪካ ተገጣጥሞ፣ በሣጥን ታሽጎ የሚመጣ ሞተር ነው። በሰፈር ሜዳዎች በብዛት የምታገኟቸው የጄኔራል ሞተርስ ሁለቱ ናቸው፤ ሁሉም ሰው በመለያ ቁጥራቸው መጨረሻ 602 እና 604 ይላቸዋል። ሁለቱም 350 ኪዩቢክ ኢንች ስሞል ብሎክ ሼቭሮሌ ናቸው። 602 የብረት ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል)፣ 9.1 ለ1 መጭመቂያና ሮለር የሌለው ጠፍጣፋ ፑንቴሪያ (በካምሻፍቱ እየተገፋ ቫልቩን የሚያነሣው) አለው፤ የሚሰጠው 350 የፈረስ ጉልበት ነው። 604 አሉሚኒየም ቴስታታ፣ 9.6 ለ1 መጭመቂያ፣ ባለ ሮለር ፑንቴሪያና በመዶሻ የተቀጠቀጠ ብረት ኮሎ (ክራንክሻፍት) ይዞ 400 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። የተሠራ ሞተር የምንለው ደግሞ ብሎኩን፣ ኮሎውን፣ ፒስተኑንና ካምሻፍቱን መርጠን ለየብቻ ገዝተን በቶርኖ ቤት (የሞተር ብረት የሚቆርጥና የሚያስተካክል ማሽን ቤት) አስለክተን የምንገጥመው ነው።

ትልቁ ልዩነታቸው ጉልበቱ አይደለም። ክሬት ሞተር ታሽጎ ይሮጣል። ኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየርና ቤንዚን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባው)፣ ቴስታታው፣ የፊት ሽፋኑና ኮፓው (ከታች ያለው የዘይት መያዣ) ላይ አንገታቸው ሲጠብቅ የሚቆረጥ ልዩ ቡሎኖች አሉበት፤ ከተፈቱ እንደገና አይታሰሩም። የፋብሪካው ቡሎን እየተመሳሰለ መሠራት ሲጀምር ብዙ የውድድር ድርጅቶች ተከታታይ ቁጥር ያለው የራሳቸውን የሽቦ ማኅተም ጨመሩ። እና ክሬት ስትገዙ የምትከፍሉት ለብረቱ ብቻ አይደለም፤ ከጎናችሁ የቆመው ሰው ሞተርም ከእናንተው ጋር አንድ ዓይነት ስለመሆኑ ማረጋገጫም ትገዛላችሁ። ማኅተሙ ከተነካ ያ ማረጋገጫ የለም፤ የቀረው ተራ የመኪና ሞተር ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ በተሠራ ሞተር መጀመሬ ነበር። «እጄ ሙያ አለው፤ ራሴ ከገጠምኩት ይረክስልኛል» የሚለው ሐሳብ ብዙ መካኒክ ያታልላል። እውነቱን ለማወቅ ስሌቱን ቁጭ ብላችሁ ሥሩት። የ350 ብሎክ ቢገኝ መጀመሪያ በማግኔት ዱቄት ስንጥቅ ይፈለግበታል፤ ከዚያ የሲሊንደሩ ግድግዳ ውፍረት በድምፅ ሞገድ ይለካል። 0.030 ኢንች ሲሰፋ 4.030 ኢንች ሆኖ 355 ኪዩቢክ ኢንች ይወጣዋል። ማስፋቱና ሆኒንጉ ወፍራም ሳህን እንደ ቴስታታ ታስሮበት መሠራት አለበት፤ ያለ ሳህኑ የተሠራ ሲሊንደር ቴስታታው ሲጠብቅ ከክብነቱ ይዛባል፣ የፒስተኑ ፋሻም (ቀለበቱ) ጋዝ ያሳልፋል። የኮሎው ማረፊያ በአንድ መስመር ይስተካከላል፤ የብሎኩ ፊት ይላጫል፤ ኮሎ፣ ፒስተንና ሁለቱን የሚያገናኘው ቢየላ አንድ ላይ በሚዛን ይመጣጠናሉ።

መገጣጠሙ ላይ የምትጠብቋቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። የዋናው ኮሎ ብሮንዚና (ኮሎው የሚዞርበት ለስላሳ ብረት) ክፍተት ወደ 0.0025 ኢንች፣ የቢየላው ከ0.0020 እስከ 0.0025። የላይኛው ፋሻ አፍ ለያንዳንዱ የሲሊንደር ኢንች 0.0045 ይታሰብለታል፤ በ4.030 ሲሊንደር ላይ 0.018 ማለት ነው። ከዚያ ጠብቦ ከተገጠመ ሞተሩ ሲግል ሁለቱ ጫፎች ይገናኙና የፒስተኑን ጠርዝ ይነቅሉታል። በቫልቭና በፒስተን መካከል ቢያንስ 0.080 ኢንች ለማስገቢያው፣ 0.100 ለማስወጫው ይተዋል፤ የሚለካውም በፒስተኑ ራስ ላይ ለስላሳ ሸክላ ጭቃ አድርጎ፣ ቴስታታውን አስሮ፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ፣ የተጫነውን ጭቃ ቆርጦ ውፍረቱን በማየት ነው። ማስወጫው የሚበልጥ ክፍተት የሚያስፈልገው ፒስተኑ ወደ ላይ እየመጣ ቫልቩን ስለሚያሳድደው ነው፤ የቫልቩ ሞላ (ስፕሪንግ) ትንሽ ከደከመ መጀመሪያ የሚገናኙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ይህን ሁሉ በትክክል የሚሠራ ቶርኖ ቤት አለ፤ ግን በርካሽ አይሠራም። የአማካይ የውድድር ክፍል የተሠራ ሞተር በቀላሉ ከ15 ሺህ ዶላር በላይ ይሄዳል፤ ሱፐር ሌት ሞዴል (ከላይኛዎቹ የስቶክ ካር ክፍሎች አንዱ) ደግሞ የዚያን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይጠይቃል። አዲስ 602 በአንጻሩ 5 ሺህ አካባቢ፣ 604 ደግሞ 8 ሺህ አካባቢ ነው፤ እንደ ሻጩና እንደ ጊዜው ከፍና ዝቅ ይላል። እኔ ያላሰላሁት ግን የመግዣውን ሳይሆን የማደሻውን ነው። በደቂቃ 7,500 ዙር የሚመታ የተሠራ ሞተር ከአንድ ወቅት ውድድር በኋላ ተፈቶ አዲስ ሞላ፣ ፋሻና ብሮንዚና ይፈልጋል። ያንን ገንዘብ ከአሁኑ ካልመደባችሁ፣ በሁለተኛው ዓመት ግማሽ ላይ ወይ በደከመ ሞተር ትሮጣላችሁ፣ ወይ መኪናው ጋራዥ ይቆማል። የእኔ ቆሟል።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ለመውጣት ስቸኩል የመጣ ነው፤ ያገለገለ ክሬት ሞተር በስልክ ፎቶ አይቶ መግዛት። ሻጩ ማን እንደሆነ አልጽፍም። ሞተሩ ጥሩ ይነሳል፣ ዘይት አይበላም፤ ማኅተሙ ግን እኔ ልሮጥበት በነበረው ሜዳ ተቀባይነት የለውም። አንዱ ድርጅት ያሸገውን ሌላው ላይቀበለው እንደሚችል አላውቅም ነበር። ስለዚህ ያገለገለ ክሬት ለመግዛት ስትሄዱ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። በብሎኩ ላይ ያለውን ቁጥርና የየማኅተሙን ቁጥር ፎቶ አንሡና ለሜዳችሁ የቴክኒክ መርማሪ ላኩለት፤ «ይህን ይዤ ብመጣ እሮጣለሁ ወይ?» በሉትና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ሞተሩ ታድሶ ከሆነ ያደሰው ቤት በድርጅቱ የተፈቀደለት መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። የቡሎኖቹን ዙሪያ በባትሪ ብርሃን እዩ፤ በማኒፎልዱ ጥግ ላይ አዲስ ሲሊኮን፣ በቡሎኑ አጠገብ የተቧጠጠ ቀለም ካለ ትታችሁት ሂዱ።

ከዚያ ሞተሩ ራሱ ይፈተሻል። የቫልቭ ሽፋኖቹ ማኅተም ስለሌላቸው መክፈት ትችላላችሁ። የመለኪያ ሰዓት በሞላው ቆብ ላይ አስቀምጣችሁ ሞተሩን በእጅ እያዞራችሁ የያንዳንዱን ቫልቭ መነሣት ለኩ። 602 ላይ ማስገቢያው ወደ 0.435፣ ማስወጫው ወደ 0.460 ኢንች መነሣት አለበት። አንዱ ከሌሎቹ በ0.020 ወይም ከዚያ በላይ ካነሰ የካምሻፍቱ ጉብታ ተበልቷል፤ በጠፍጣፋ ፑንቴሪያ ይህ የተለመደ በሽታ ነው። ከዚያ ካንዴላውን አውጥታችሁ የአየር ማምለጫ መለኪያ ግጠሙ። ሞቅ ያለ ጤነኛ ሞተር አምስትና ስድስት በመቶ ያህል ያመልጠዋል፤ 15 ካለፈ ምክንያቱን ስሙ። ከካርቡራተሩ የሚሰማ ከሆነ ማስገቢያ ቫልቭ፣ ከጭስ መውጫው ከሆነ ማስወጫ ቫልቭ፣ ከዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ውሃው ከፈላ ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ወይም ቴስታታው ነው።

ከሁሉም በፊት መነበብ ያለበት ግን የሜዳው የደንብ መጽሐፍ ነው፤ የዘንድሮው እንጂ የአምናው አይደለም። ክሬት የያዘ መኪና ስንት ፓውንድ ይመዝን? የተሠራ ሞተር የያዘውስ ስንት ይጨመርበት? የትኛው ካርቡራተር ይፈቀዳል፤ 650 ባለ አራት አፍ ነው ወይስ 500 ባለ ሁለት አፍ? ከሥሩ የሚገባው ስፔሰር ስንት ኢንች ነው? የዙር መገደቢያው ቺፕ ስንት ላይ ይቆርጣል? በብዙ ሜዳዎች 602 ላይ 6,200 ዙር ታገኛላችሁ፤ የእናንተን ግን ከመጽሐፉ እዩ። አንዳንድ ሜዳ ለክሬት የክብደት ቅናሽ ይሰጣል። ከ100 ፓውንድ በላይ ቅናሽ ካለ፣ በአጭር ሜዳ ላይ በኩርባ ፍጥነትና በጎማ ዕድሜ የምታተርፉት ከጉልበቱ እጦት ሊበልጥ ይችላል። ይህን የክብደት መስመር ሳያነቡ ሞተር የሚገዙ ሰዎች ቁጥር ያሳዝነኛል።

አዲስ 602 ከሣጥን ወጥቶ እጃችሁ ሲገባ ዕድሜውን የሚወስኑት የመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ናቸው። እዚህ ላይ ረጋ በሉ።

ሞተሩን ሳታስነሡ ዘይት በየቦታው መድረስ አለበት። ዲስትሪቢዩተሩ ይወጣና በቀዳዳው በድሪል የሚዞር የዘይት ፓምፕ ማዞሪያ ይገባል። ተራ ዘንግ አትጠቀሙ። በስሞል ብሎክ ላይ ለአንዱ ወገን ፑንቴሪያ የሚሄደው የዘይት መስመር በዲስትሪቢዩተሩ አካል ዙሪያ ስለሚያልፍ፣ አካሉ ከሌለ ዘይቱ እዚያው ይፈስሳል፤ አንዱ ወገን ደረቅ ይቀራል። እንደ ዲስትሪቢዩተሩ አካል ያለው ማዞሪያ ግዙ ወይም የድሮ ዲስትሪቢዩተር ጥርሱን አውጥታችሁ ሥሩበት። ድሪሉ እንደ ሰዓት አቅጣጫ ይዙር፤ ጓደኛችሁ ኮሎውን በቀስታ በእጁ ያዙር፤ በ16ቱም ሮከር (ቫልቩን የሚጫነው ክንድ) ላይ ዘይት እስኪታይ አታቁሙ። ከዚያ አንደኛ ሲሊንደርን በመጭመቂያው ጫፍ ላይ አምጥታችሁ ዲስትሪቢዩተሩን መልሱ። ፒስተኑ ላይ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱም ቫልቮች መዘጋታቸውን እዩ፣ አለዚያ ዲስትሪቢዩተሩ ግማሽ ዙር ተገልብጦ ይገባል። 604 የምትገጥሙ ከሆነ የዲስትሪቢዩተሩ ጥርስ ለብረት ሮለር ካምሻፍት የተዘጋጀ ጠንካራ ብረት መሆኑን አረጋግጡ፤ ተራው ጥርስ ጥቂት ምሽት ሮጦ ይበላና ፍርፋሪው ወደ ብሮንዚናው ይሄዳል።

የካርቡራተሩን ሣህኖች ቀድማችሁ ቤንዚን ሙሉ፤ የብልጭታውን ጊዜ በቆመበት ወደ 12 ዲግሪ አስጠጉ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሞተሩ በመጀመሪያው ማዞር እንዲነሣ ነው። ጠፍጣፋ ፑንቴሪያ ያለው ካምሻፍት ዘይቱን በዋናነት የሚያገኘው ኮሎው ከሚረጨው ነው፤ በማስነሻ ሞተር ብቻ ረጅም ጊዜ ሲዞር ጉብታው ደረቅ ላይ ይፋጫል። ሲነሣ ወዲያው ወደ 2,000 ዙር አውጡት፤ በ2,000 እና በ2,500 መካከል ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አቆዩት። በዝቅተኛ ዙር አታቆዩት። የፑንቴሪያው ሥር በጥቂቱ ጎበጥ፣ ጉብታውም ዘንበል ያለ ሆኖ የተሠራው ፑንቴሪያው እየዞረ እንዲላመድ ነው፤ ይህ መላመድ የሚሆነው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ካልሆነ ኋላ የሚያስተካክለው የለም። ውሃ ካፈሰሰ ወይም ከጋለ አጥፉት፣ አስተካክሉና ቀጥሉ። ዘይቱ ብዙ ዚንክ ያለው የማላመጃ ዘይት ይሁን። የዛሬ የቤት መኪና ዘይት ለጭስ ማጣሪያው ተብሎ ዚንኩ ስለተቀነሰ ለጠፍጣፋ ፑንቴሪያ አይሆንም። ሲያልቅ ዘይቱን ከነፊልትሮው ቀይሩ። ከዚያ የሙሉ ብልጭታውን ጊዜ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ አድርጉ፤ ለሁለቱም ሞተሮች ብዙ ሰው የሚሮጥበት ነው።

ከተሠራ ሞተር ወደ ክሬት የሚመጣ ሰው ቀጥሎ የሚሳሳተው ዲፍረንሻሉ ላይ ነው። ለ7,500 ዙር የተመረጠ ማርሽ በ602 አይሠራም፤ የሜዳው ቀጥታ መስመር ሳያልቅ ቺፑ ይቆርጠዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በቀጥታው መጨረሻ ያላችሁን ማይል በሰዓት በማርሹ ቁጥር (ምጣኔ) አባዙት፣ በ1,056 አባዙት፣ ከዚያ ለኋላው ጎማ ዙሪያ በኢንች አካፍሉት። 90 ማይል፣ 86 ኢንች ጎማ፣ 5.14 ማርሽ ቢሆን 5,680 ዙር ይመጣል። 5.43 ብታደርጉት 6,000 ይሆናል። በ6,200 ለሚቆርጥ ቺፕ ሁለተኛው ይስማማል፤ ጎማው በሚንሸራተትበት ምሽት ግን 200 ዙር ትርፍ ያልቃልና ቁጥሩ አንድ ደረጃ ያነሰ ማርሽ ይዛችሁ ሂዱ። ጎማውን በሜትር ራሳችሁ ለኩት፤ በጎኑ የተጻፈውን አትመኑ፣ በአየር ግፊት ይለወጣል።

የእኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ላይ ያልከፈልኩት ገንዘብ ወደ ጎማ፣ ወደ ልምምድ ምሽት፣ ወደ አሞርትዛተር ሲሄድ መኪናው ፈጠነ። በክሬት ክፍል ሁሉም ሰው ተመሳሳይ ጉልበት ስላለው ልዩነቱ የሚወጣው ኩርባ ውስጥ ፍጥነት ባለመጣል ነው። ጋዙን ዘግይቶ የሚከፍት ሰው በ350 ፈረስ ጉልበት ያጣውን ቀጥታው ላይ አይመልሰውም።

«ክሬት ጥገና አይፈልግም» የሚላችሁን አትስሙ። መጀመሪያ የሚደክመው የቫልቭ ሞላ ነው። ምልክቱ ያሳስታል፤ ሞተሩ 5,800 አካባቢ ሲደርስ ይንተባተባል፤ ሰው ካንዴላ ይቀይራል፣ ካርቡራተር ይፈታል፣ የብልጭታ ሣጥን ይገዛል። መንስኤው ግን ሞላው ቫልቩን በጊዜ ስለማይዘጋው ነው። ቴስታታ ሳይወርድ የሚለካ የሞላ መለኪያ ግዙ፤ ሞተሩ አዲስ እያለ የ16ቱን ሞላ ጉልበት በደብተር ጻፉ። ከመጀመሪያው አሥር በመቶ የቀነሰው ይቀየራል። ደንቡ ከፈቀደ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ሞልታችሁ ቫልቩን እንዳይወድቅ ይዛችሁ መቀየር ይቻላል፤ አንዳንድ ድርጅት ግን የተፈቀደለት ቤት ብቻ እንዲቀይር ያዝዛልና አስቀድማችሁ ጠይቁ። 602 ላይ የሮከሩ ምሰሶ ተጠቅጥቆ የገባ እንጂ በጥርስ የታሰረ ስላልሆነ፣ ሞላ በምትለኩ ቁጥር ቀጥ ያለ ብረት በምሰሶዎቹ አናት ላይ አሳርፉ። አንዱ ከፍ ብሎ ከታየ እየተነቀለ ነው፤ የዚያ ምሽት ውድድር ይቅር።

ዘይት በየሁለት ሦስት ምሽቱ ይቀየር፤ ፊልትሮው በመጋዝ ሳይሆን በፊልትሮ መቁረጫ ይከፈት፣ መጋዙ ራሱ ብረት ያስገባበታል። ወረቀቱን ዘርግታችሁ ማግኔት አሳልፉበት። ማግኔት የሚይዘው ካምሻፍትና ፑንቴሪያ ነው፤ ማግኔት የማይዘው ግራጫና መዳብማ ፍንጣሪ ብሮንዚና ነው። ጋዙን ከመርገጣችሁ በፊት ዘይቱ ይሙቅ፤ ውሃው ቶሎ ይሞቃል፣ ዘይቱ ግን ይዘገያል፤ የሚጎዳችሁም ቀዝቃዛው ዘይት ነው። ግፊቱ በየ1,000 ዙሩ ቢያንስ 10 ፓውንድ ይሁን፤ ኩርባ ውስጥ ሲወድቅ ካያችሁ የዘይቱን መጠን ለኩ፣ ከዚያ ኮፓውን አስቡ።

የተሠራ ሞተር መቼ ይሻላል? ሜዳችሁ ለክሬት ምንም የክብደት ቅናሽ የማይሰጥ ከሆነ፣ የምትሮጡበት ሜዳ ግማሽ ማይልና ከዚያ በላይ ሆኖ ቀጥታው ጉልበት የሚጠይቅ ከሆነ፣ የማደሻው ገንዘብ ከመግዣው ጋር አብሮ በእጃችሁ ካለ፣ በዚያ ላይ የምታምኑት ቶርኖ ቤት ካለ፣ ሥሩት። ራሱን ሞተር መሥራት ለሚወድ መካኒክ ደስታው ሌላ ነው፤ ያንን አላቃልልም። ለመጀመሪያው ዓመት ግን 602፣ አንድ ትርፍ ማርሽ፣ የሞላ መለኪያና ደብተር ይብቃችሁ። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የማኅተሞቹን ቁጥሮች ጻፉ፤ መርማሪው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነሱን ነው።